መድኃኒቱ በእስር ቤት ደጃፍ፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሕክምና ታሪክ

ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በቅዠት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በድንገተኛ ቁጣ ሲሠቃዩ ሕመማቸው ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሦስተኛ የምርመራ መመሪያ ፒቲኤስዲ ብሎ ሰየመው። ስም ማግኘቱ ግን ወዲያው መድኃኒት አላስገኘም። የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕመም ሰርትራሊንን የፈቀደው በ1999፣ ፓሮክሴቲንን ደግሞ በ2001 ነው።

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉት ቤንዞዳያዜፒኖች በብዛት ይታዘዙ ነበር፤ ጭንቀትን በፍጥነት ያበርዳሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉና። በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከታከሙት የፒቲኤስዲ ሕሙማን ቤንዞዳያዜፒን የታዘዘላቸው በ1999 36.9 በመቶ፣ በ2009 30.6 በመቶ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱና የመከላከያ ሚኒስቴር በ2010 ያወጡት መመሪያ ግን ለፒቲኤስዲ እንዳይታዘዙ መከረ። ዋናውን ሕመም እንደሚያሽሉ አልተረጋገጠም፤ ጥገኝነትንም ያስከትላሉ።

አደጋው የሚከፋው ታካሚው ሲታሰር ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ማረሚያ ቤት የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቀ ችላ ማለት አይችልም። የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ እስረኛውን የማከም ግዴታ የሌላ መንግሥታዊ ተቋም ከሆነ፣ በደንቡ መሠረት ሕክምና አይሰጥም። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የታካሚው ሐኪም ይለወጣል፤ መዝገቡና የመድኃኒት ዝርዝሩም ሊለወጡ ይችላሉ። ለዓመታት ክሎናዜፓም ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ቢቋረጥበት እንቅልፍ ያጣል፣ ይቅበጠበጣል፣ ሰውነቱን የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊጥለውም ይችላል። ይህን ምልክት ጠባቂው እንደ ሥርዓት አልበኝነት ሊቆጥረው ይችላል።

ችግሩ የጥቂቶች አልነበረም። በ2011–12 በተደረገ የመንግሥት ጥናት በአሜሪካ እስር ቤቶች 181,500 ያህል የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። በፌዴራልና በክፍላተ ሀገር ማረሚያ ቤቶች ከነበሩት መካከል 48 በመቶው የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው በባለሙያ ተነግሯቸው ያውቃል።

ዳኛ ሮበርት ራስል በ2008 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በቡፋሎ ከተማ ለቀድሞ ወታደሮች ልዩ ችሎት አቋቋሙ። በዚህ ችሎት ተከሳሹ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ሆኖ ይታከማል፤ የቀድሞ ወታደር የሆነ አማካሪም ይመደብለታል። በ2009 የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ከፍርድ ቤትና ከእስር ቤት ጋር የሚያገናኙ ባለሙያዎችን የሚያሰማራ ፕሮግራም ጀመረ። ይሁን እንጂ ዳኛ ክትትልን ያዝዛል እንጂ መድኃኒት አያዝዝም። ወደ እንዲህ ያለ ችሎት ሳይደርስ የሚታሰረውም ብዙ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ማዘዝ ወረቀቱን በመፈረም አያበቃም። ታካሚው ከክሊኒክ ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤትም ወደ ቤቱ ሲሄድ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተጀመረበት ቀንና የታዘዘበት ምክንያት አብረውት ሊሄዱ ይገባል። መቋረጥ ካለበትም በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ የሚያቋርጠው ሐኪም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።