ኪሎው ቀለለ ወይስ ቅጂዎቹ ከበዱ?

በፓሪስ ዳርቻ፣ ሴቭር ላይ፣ የዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ቢሮ ሦስት ቁልፍ ካልተገናኘ የማይከፈት ካዝና አለው። የሚጠብቀው ከ90 በመቶ ፕላቲነምና ከ10 በመቶ ኢሪዲየም የተሠራ፣ ቁመቱም ስፋቱም 39 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሲሊንደር ነው። ከ1889 እስከ 2019 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኪሎግራም ማለት ይህ ብረት ነበር።

ጣጣውን ያመጡት በአምሳሉ የተሠሩት ቅጂዎቹ ናቸው። በ1946፣ ኋላም በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዋናው ጋር ሲመዘኑ ልዩነታቸው በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 50 ማይክሮግራም መድረሱ ታየ። የኪሎ ሃያ ሚሊዮንኛ! ቅቤ ነጋዴ አይጨነቅበትም፤ ለመለኪያ ባለሙያ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ዋናው ቀለለ? ወይስ ቅጂዎቹ እድፍ ይዘው ከበዱ? ሚዛን ልዩነትን እንጂ ማን እንደተለወጠ አይመሰክርም። በደንቡ ከሄድን ደግሞ ነገሩ ያስቃል፦ ዋናው ምንጊዜም አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ ተፍቆ ቢቀንስ እንኳ «ከበደ» የሚባለው የቀረው ዓለም ነው።

ፈላስፎች ከዚህ ጠለቅ ብለው ይጠይቃሉ። መጠነ ቁስ አንድ አካል ለብቻው ያለው ባሕርይ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ብቻ የሚኖር? ሻሚክ ዳስጉፕታ በ2013 ባሳተመው ጽሑፍ ለንጽጽር ወገን ተከራከረ፤ የሁሉም ነገር መጠነ ቁስ እኩል እጥፍ ቢሆን ለይቶ የሚያውቅ የለም ባይ ነው። የዴቪድ ቤከር ተቃውሞ ግን እኔን ይበልጥ ይስበኛል። የአየሩን ግጭት እንተወውና፣ በሰከንድ 12 ኪሎሜትር ሽቅብ የተወነጨፈ አካል ወደ ምድር አይመለስም፤ ማምለጫው ፍጥነት 11.2 ነውና። የምድር ስፋት ሳይለወጥ የሁሉም ነገር መጠነ ቁስ፣ የምድርም ጭምር፣ እጥፍ ቢሆን ማምለጫው ወደ 15.8 ያሻቅባል፤ ያው አካል ተመልሶ ይወድቃል። የመጠነ ቁስ ንጽጽሮቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው፣ ፍጻሜው ግን ሌላ ሆነ። የንጽጽር ወገን «የስበት ቋሚ ቁጥርም አብሮ ግማሽ ይሁን» ይል ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የተነካው የተፈጥሮ ሕግ ራሱ አይደለም ወይ?

ወደ ብረቱ እንመለስ። ኖቬምበር 16 ቀን 2018 ቬርሳይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ኪሎግራምን ከብረቱ ነጥለው በኳንተም ፊዚክስ ከሚታወቀው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ጋር አቆራኙት፦ 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ። ውሳኔው በሥራ ላይ የዋለው ሜይ 20 ቀን 2019 ነው። ብረቱ ጡረታ ወጣ፤ ማነጻጸር ግን አልቀረም። ቁጥሩ በድምፅ የተደነገገ ስለሆነ፣ የፕላንክ ቋሚ ተለውጦ እንደሆነ በኪሎግራም መጠየቅ ዋናውን ሲሊንደር በራሱ እንደ መመዘን ነው። ለዚህም ነው የተፈጥሮን ጽናት የሚፈትሹ የፊዚክስ ሊቃውንት አሃድ አልባ ቁጥር የሚመርጡት፤ በተለይም የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይልን ብርታት የሚገልጸውን፣ 1/137 ገደማ የሆነውን። ቢሊዮን ዓመታት ተጉዞ በደረሰ የኳሳሮች (እጅግ ሩቅና ደማቅ የሰማይ አካላት) ብርሃን ውስጥ ለውጡን ይፈልጋሉ።