ሽርክና ያለ ሸሪክ

«ታንክ ዩ ፎር ስሞኪንግ»ን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ያላያችሁ ደግሞ ፈልጋችሁ እዩት፣ አትቆጩም። ጄሰን ራይትማን በ2005 የሠራው ኮሜዲ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ የተወሰደው ክሪስቶፈር በክሊ በ1994 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኒክ ኔይለር የትምባሆ ኩባንያዎች አፍ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ ካንሰር ከያዘው የ15 ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጦ እናገኘዋለን። ተመልካቹ በዓይኑ ሊበላው ደርሷል። ሰውየው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? እኛማ ይህ ልጅ እንዲኖርልን ነው የምንፈልገው፣ ደንበኛችን ነው፤ መሞቱ የሚጠቅመው በጀት ለሚለምኑት ለፀረ ትምባሆዎቹ ነው! አዳራሹ ግራ ይጋባል፣ እሱ ግን ፈገግ ብሎ ይወጣል።

ልብ በሉ፣ ፊልሙ ውስጥ አንድም ሰው ሲያጨስ አይታይም። ጭሱ ሁሉ የሚወጣው ከንግግር ነው።

ሎቢ የሚሉትን ነገር እኛ ድሮም እናውቀዋለን፤ ደጅ ጥናት ነው። ነገር የሚያዞር አንደበተ ርቱዕም ብርቃችን አይደለም፤ ነገረ ፈጅ የሚል የክብር ስም ሰጥተነዋል። የፈረንጆቹ አዲስ ነገር ሁለቱን አዋህደው ደመወዝተኛ ሙያ ማድረጋቸው ነው። በታኅሣሥ 1953 የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ አለቆች ኒውዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ። ሲጋራና የሳንባ ካንሰርን የሚያያይዘው ጥናት አስደንግጧቸው ነበር። ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለውን የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀጠሩ። በጥር 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ የሕዝብ ጤና ከሁሉ በላይ እንደሚያሳስባቸው የሚናገር ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጡ። ጥናቱን ማስተባበል አላስፈለጋቸውም፤ ጥርጣሬ መዝራት በቂ ነበር። የኒክ ኔይለር አባት እንግዲህ ይህ ነው።

«ታዲያ የእነሱ ሲጋራ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትቸኩሉ። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2005 የእኛ ቡና ዋሽንግተን ደጅ ሊጠና ሄዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት 2005 የኢትዮጵያ አዕምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። መሥሪያ ቤቱን የሚመሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ነበሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ነጋዴው ስሞቹን ያለ ክፍያ ይጠቀም፣ ግን ፈቃድ ይዞ፣ የስሙ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን አምኖ ይጠቀም። ስም ያለው ሰው ዋጋ ላይ ሲደራደር ቀና ይላል ነው ነገሩ።

ሲዳሞ ላይ ግን አንድ እንቅፋት ተገኘ። ስታርባክስ ቀደም ብሎ በ2004 «ሽርክና የፀሐይ ደረቅ ሲዳሞ» የሚል ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። አዎ፣ ሽርክና! የኛው አማርኛ! የሸሪኩን አገር ስም ሸሪኩ ሳያውቅ ለማስመዝገብ፣ ሽርክና ብሎ መጥራት፤ ለኮሜዲ ደራሲ ቢነግሩት «ይሄማ ተጋነነ» ብሎ የሚሰርዘው ነገር ነው። ኩባንያው ማመልከቻውን በ2006 ተወው።

ቀጥሎ የመጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ነው። ቡና ቆይዎችና አስመጪዎች የተሰባሰቡበት ይህ ማኅበር የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ። ቢሮው በጥቅምት 2005 ሐረርን፣ በነሐሴ 2006 ሲዳሞን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ የማንም ምልክት አይሆኑም የሚል ነው። ያለፈው ይርጋጨፌ ብቻ ነበር። ኦክስፋም «ከማኅበሩ ጀርባ ስታርባክስ አለ» አለ፤ ስታርባክስ አስተባበለ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የክርክሩ ዓይነት ነው። የማኅበሩ ሰዎች «ስሙ ቢመዘገብ እኛ እንጎዳለን» አላሉም። የሚጎዳው ገበሬው ነው፣ ገዢ ይሸሸዋል አሉ። በ2006 መጨረሻ የስታርባክስ የቡና ኃላፊ ደብ ሄይ ገና ልጅ በነበረው ዩቲዩብ ላይ ቀርቦ፣ የንግድ ምልክቱ ከሕግ ጋር እንደሚጋጭና ለገበሬው የሚሻለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት እንደሆነ አስረዳ። የእኛ ሰዎች መልስ ቡናው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች ላይ ነው የሚበቅለው፣ ያንን ሁሉ ማን ዞሮ ይመሰክራል? የሚል ነበር። ከታመመው ልጅ ጎን የተቀመጠውን ኒክ ኔይለርን አስታወሳችሁ? ተጎጂውን ለመከላከል የቆመው እሱ ነው፤ ተጎጂው ግን አይናገርም።

ኢትዮጵያም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የተባለ የዋሽንግተን የሕግ ቢሮ በነጻ ቆመላት። ኦክስፋም ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ዘመቻ ከፈተ፤ ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ለስታርባክስ ተቃውሟቸውን ላኩ። በዚያው ዓመት የወጣው «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑን አቶ ታደሰ መስቀላን ለዓለም አሳይቶ ነበር። የስታርባክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ዶናልድ በኅዳር 2006 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገረ። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ስታርባክስ የሦስቱን ስሞች ባለቤትነት ለኢትዮጵያ አመነ። ሲዳሞና ሐረርም በኋላ ተመዘገቡ። ስምምነቱ ግን ለገበሬው ይህን ያህል ዋጋ ይከፈል አይልም።

ደስ ይላል አይደል? እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያልቅም።

የቀጨኔ ልጅ ስለሆንኩ ስምና ሥራ ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከተማው ቡና የሚያፈላበት ብዙ ጀበና ከእኛ ሰፈር እናቶች እጅ የወጣ ነው። ጭቃውን ያቦካችው፣ ያበጀችው፣ የተኮሰችው ሴት ስሟ ከሰፈሩ አይወጣም፤ መርካቶ ሲደርስ «ጀበና» ብቻ ነው። ከሰፈሩ የወጣው ሌላ ስም ነው፤ «ቡዳ» የሚለው። ሥራዋን እየገዙ ስሟን ማጥፋት! ይህንን ወሬ ለማሰራጨት ማንም የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት አልቀጠረም፤ እንዲያም ሆኖ ስንት ትውልድ አገለገለ። ስሙን የሚሰጥ ሌላ ሲሆን፣ ዋጋውንም የሚሰጠው ያው ሌላው ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ስሙ ዋሽንግተን ላይ በተረጋገጠ በዓመት ከምናምኑ፣ በታኅሣሥ 2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ጀመረ። አዲሱ የቡና አዋጅ ቁጥር 602 ነጋዴው ቡናውን በዚያ በኩል ብቻ እንዲያሳልፍ አስገደደ። ምርት ገበያው ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ የዋጋ መረጃ በገሃድ ወጣ፣ ሻጩ ገንዘቡን በወቅቱ ማግኘት ጀመረ። ነገር ግን ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይደባለቃል። ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ የሚነግር አልነበረም። ዩኒየኖቹ በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው ተረፉ፤ የቀረው ብዙው ቡና ግን የሰፈሩን ስም ብቻ ይዞ የአባቱን ስም አጣ። ልዩ ቡና የሚፈልጉ ገዢዎች ማጉረምረም ጀመሩ። የቡናው ምንጭ በሕግ እንዲታወቅ የተፈቀደው በ2017 አዋጅ ቁጥር 1051 ሲወጣ ነው። ወደ ዘጠኝ ዓመት!

ያኔም ቢሆን ሁሉም ነገር የተደረገው በማን ስም እንደነበር ታውቃላችሁ። በገበሬው ስም። የአሜሪካው ማኅበር ገበሬውን ላድነው አለ፣ ስታርባክስ ገበሬውን ላድነው አለ፣ የእኛም ባለሥልጣናት ገበሬውን እናድነው አሉ። ከሦስቱ የእኛዎቹን አምናለሁ፤ ቢያንስ ክፉ አልፈለጉለትም። ግን በጎ ሐሳብ ያለው ሰውም ተናጋሪው እሱ ብቻ ሲሆን የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

ኒክ ኔይለር ልጁን ያስተማረው አንድ ብልሃት አለ፤ ክርክር ለማሸነፍ ትክክል መሆንህን ማስረዳት አይጠበቅብህም፣ የሌላው ስህተት መሆኑን ካሳየህ ይበቃል። ለዚህ ብልሃት መድኃኒቱ ሌላ የተሻለ ነገረ ፈጅ መቅጠር ይመስለናል፤ በ2007 ያሸነፍነውም በዚያ ነው። ዘላቂው መድኃኒት ግን አንዲት ጥያቄ ናት። ከእንግዲህ ማንም ተነስቶ «ለገበሬው ብዬ ነው» ባለ ቁጥር ዞር ብላችሁ ተመልከቱና ጠይቁ፦ ገበሬው የት ነው የተቀመጠው?