በቴምብር የተገዛ ቅቤ

በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 16 ቀን 1939፣ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ፣ ሥራ ያጣች አንዲት ሴት ምግብ መሸጫ ሱቅ ገብታ ቅቤ፣ እንቁላልና ደረቅ ፕሪም ገዛች። የከፈለችው በሰማያዊ ቴምብር ነው። አሜሪካ ያለው ወገናችን ሳይቀር እስከ ዛሬ «ፉድ ስታምፕ» የሚለው የምግብ ኩፖን ታሪክ ከዚህ ግዢ ይጀምራል።

ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። ገበሬው ያመረተው ገዢ አጥቶ ይበላሻል፤ ከተሜው ሥራ ፈትቶ ጦሙን ያድራል። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ሚሎ ፐርኪንስ ነገሩን ሲያስረዱ፣ ከገደሉ ወዲያ ማዶ የተከመረ ምርት፣ ወዲህ ማዶ የተዘረጋ እጅ እንደታያቸውና መሀሉ ላይ ድልድይ ለመሥራት እንደተነሱ ተናግረዋል።

ድልድዩን በሁለት ዓይነት ቴምብር ሠሩት። ብርቱካናማው በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ቤተሰቡ ለወትሮው ለምግብ በሚያወጣው ልክ ገዝቶ ያሻውን ምግብ ይሸምትበታል። በእያንዳንዱ 1 ዶላር ብርቱካናማ ላይ የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ይመረቅለታል። ሰማያዊው ግን የግብርና ሚኒስቴር «ተርፏል» ብሎ ለዘረዘረው ምርት ብቻ ነው። ባለሱቁ የሰበሰበውን ቴምብር አስረክቦ ገንዘቡን ከመንግሥት ይቀበላል። የቫውቸር ጠባይ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ማን፣ የትና ምን እንደሚገዛበት አስቀድሞ የተወሰነለት ገንዘብ ነው። ብርቱካናማውን ግዙ የተባለውም ቤተሰቡ የራሱን ወጪ ቆርጦ በሰማያዊው ብቻ እንዳይተዳደር ነው፤ እንደዚያ ከሆነማ ለገበሬው ምን አዲስ ገዢ ተገኘ? ከተራበው ይልቅ የተረፈው ምርት እንዳሳሰባቸው ከአሠራሩ ይታያል።

ፕሮግራሙ በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው አዳርሶ በ1943 ቆመ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትርፍ ምርቱንም ሥራ አጥነቱንም አጥፍቶት ነበር።

ጆን ኬኔዲ በ1960 የምርጫ ዘመቻ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል መንደሮች ያዩትን ድህነት አልረሱትም። ፕሬዚዳንት በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ቴምብሩን ለሙከራ መለሱት፤ በሜይ 1961 በዚያው ግዛት በማክዳውል ወረዳ 15 ነፍስ ያለበት ቤተሰብ የ95 ዶላር ቴምብር ተቀበለ። የትርፍ ምርት ዝርዝሩና ሰማያዊው ቀለም ቀርተዋል። የሚዙሪዋ የምክር ቤት አባል ሌኦኖር ሰሊቫን ለዓመታት የታገሉለት ሕግም በኦገስት 1964 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ጸደቀ። አንድ ነገር ግን ከ1939 እንዳለ ተላለፈ፤ ቴምብሩን ለማግኘት አሁንም መጀመሪያ ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል።

ይህ ምን እንዳደረሰ ያየው ሚሲሲፒ ነው። በኤፕሪል 1967 የሟቹ ፕሬዚዳንት ወንድም ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ከሴናተር ጆሴፍ ክላርክ ጋር ወደ ሚሲሲፒ ዴልታ ሄዱ። ጥጥ ለቀማውን ማሽን ወስዶታል፤ በጭሰኝነትና በቀን ሥራ ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ቤተሰቦች ምንም ገቢ አልነበራቸውም። በአንድ ጨለማ ጎጆ ወለል ላይ ሆዱ የተነፋ ሕፃን አገኙ። ኬኔዲ አጠገቡ ዝቅ ብለው ጉንጩን እየዳሰሱ ሊያጫውቱት ቢሞክሩ ሕፃኑ ምንም ምላሽ አልሰጠም። በአንዳንድ ወረዳዎች ቀድሞ በነጻ ይታደል የነበረው የመንግሥት ምግብ ቀርቶ ቦታውን ቴምብር ተክቶት ነበር። ቤሳቤስቲን የሌለው ሰው ቴምብር በምን ይግዛ? እህሉንም አጣ፣ ቴምብሩንም አጣ። ከጉብኝቱ በኋላ ዝቅተኛው ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 50 ሳንቲም እንዲሆን ተደረገ። እሷንም ያጣ ቤት ነበር። ለድሃ የታሰበ ነገር የድሆችን ድሃ በር ላይ መመለሱ ያንገበግበኛል፤ ያውም ሕጉን ያረቀቁት ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

ቴምብሩን ላገኘውም ቢሆን ሱቁ ውስጥ ፈተና ነበር። ከኩፖኖቹ ትንሿ የ50 ሳንቲም ስለነበረች ከዚያ በታች ያለው መልስ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ባለሱቆች ስማቸው የታተመበት የፕላስቲክ ወይም የብረት ማርክ፣ ካልሆነም ቁራጭ ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ ያ ደግሞ ከዚያው ሱቅ ውጭ አይሠራም። ከኋላ የተሰለፈው እያየ ኩፖን ከደብተር እየገነጠሉ መቁጠር፣ ከዚያ 30 ሳንቲምን በማርክ መቀበል ሰውን ያሳቅቃል።

ቴምብሩን ለማግኘት ይጠየቅ የነበረው ክፍያ የተነሳው በ1977 ሕግ ነው። የሳውዝ ዳኮታው ዴሞክራት ጆርጅ መክገቨርንና የካንሳሱ ሪፐብሊካን ቦብ ዶል በዚህ ጉዳይ አንድ ላይ ቆሙ። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በጃንዋሪ 1979፣ በአንድ ወር ብቻ፣ ተጠቃሚው በ1.5 ሚሊዮን ሰው ጨመረ። ከ1939 ጀምሮ ቴምብር ለመግዛት አቅም ያነሰው ስንቱ እንደነበር ይህ ቁጥር ይናገራል።

ከዚያ ወረቀቱ በካርድ ተተካ። በ1984 በፔንስልቬንያዋ ሬዲንግ ከተማ የተሞከረው ካርድ በ2004 ሁሉንም ግዛቶች አዳረሰ፤ ከሌላ የባንክ ካርድ ጋር ስለሚመሳሰል የሰልፍ ላይ መሳቀቁ ቀለለ። ፈቃድ ባላቸው የሐበሻ ሱቆች የታሸገ እንጀራ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ምስርና በርበሬ በእሱ ይገዛል። ሳሙናና የሕፃን ዳይፐር አይገዛም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የትኩስ ምግብ ክልከላው ነው። ያው የተጠበሰ ዶሮ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ በካርዱ ይሸጣል፤ ትኩስ ከሆነ አይሸጥም። ከምሽት ፈረቃ ወጥታ ልጆቿ ዘንድ የምትሮጥ እናት ቀዝቃዛውን ይዛ ሄዳ ማሞቅ አለባት። ይህ መስመር ቢነሳ ማንን እንደሚጎዳ እስካሁን አልታየኝም።