አረንጓዴ ሙዝ፣ ቀብድና የሐዲስ ማጣራት፦ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ገበያ የተነሳ ጥያቄ

በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ባሉት ላንቴና ጫኖ ሙዝ አረንጓዴውን ተቆርጦ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የሚበስለው እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው። ለሙስሊም ነጋዴ ይህ ጥያቄ ያስነሳል። በሰሒሕ ቡኻሪና በሰሒሕ ሙስሊም አነስ ኢብን ማሊክ ያስተላለፉት ሐዲስ ፍሬ ቀይ ወይም ቢጫ ሳይሆን እንዳይሸጥ ይከለክላልና።

የሐዲሱ ሰነድ (የዘጋቢዎች ሰንሰለት) አያከራክርም። የሚያከራክረው ጫፉ ነው፦ አላህ ፍሬውን ካስቀረ ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ በምን አግባብ ይወስዳል የሚለው ቃል የማን ነው? ኢማም ማሊክ ከአነስ ተማሪ ከሑመይድ ተቀብለው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል አድርገው ዘግበውታል። ሌሎች የሑመይድ ተማሪዎች ግን የአነስ ንግግር መሆኑን ለይተዋል፤ የሐዲስ ሊቃውንቱ አቡ ሓቲምና አቡ ዙርዓም ትክክሉ ይህ ነው ብለዋል። ማሊክን የሚያህል ዘጋቢ እንኳ ከጓደኞቹ ዘገባ ጋር ሳይነጻጸር አይታለፍም። ፍርዱ ግን በዚህ አይወድቅም፤ በአደጋ የጠፋ ፍሬን ዋጋ መውሰድ እንደማይፈቀድ ጃቢር ያስተላለፉት ሐዲስ በሰሒሕ ሙስሊም ራሱን ችሎ ቆሟል።

ቀለሙ ምልክት ነው፤ የክልከላው ምክንያት ፍሬው ከአደጋ አለማለፉ ነው። ስለዚህ ዘለላው ታይቶ ወዲያው የሚቆረጥ ሙዝ ችግር የለበትም፤ ፉቀሃእ (የፊቅህ ሊቃውንት) ወዲያው ይቆረጥ በሚል ውል አረንጓዴ ፍሬን መሸጥ ፈቅደዋል። አስቸጋሪው ገና ዘለላ ያላወጣ ማሳ ላይ ቀብድ መክፈል ነው። የሙዝ ግንድ ለስላሳ ነው፤ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ያጋድመዋል።

ቀብድን የሚከለክለው ሐዲስ ደግሞ ደካማ ነው። ማሊክ ሙወጠእ በተባለው መጽሐፋቸው ያስተላለፉት ስሙን ካልጠቀሱት ሰው ነው፤ ኢብን ማጀህ ዘንድ የተሰየሙት ዘጋቢዎችም ደካሞች ናቸው። ብዙኃኑ ሊቃውንት ቀብድ አስቀርቶ መውሰድን ቢከለክሉም ኢማም አሕመድ ፈቅደዋል፤ መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚም በ1993 (እ.ኤ.አ.) የመጠበቂያ ጊዜው ከተወሰነ ይቻላል ብሏል።

በአገራችን የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች የታጠረ ስለሆነ የሙዝ ውል ክርክር የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ከአሕመድ አቋም ጋር ብዙ አይራራቅም።

በእኔ እይታ የቀብዱ ሐዲስ መድከም ለተቆረጠ ወይም ለደረሰ ዘለላ በር ይከፍታል። ላልበቀለ ዘለላ ግን አይከፍትም፤ የገረርን (ውጤቱ የማይታወቅን) ሽያጭ የሚከለክለው የአቡ ሁረይራ ሐዲስ ሰሒሕ ነውና፣ ቀብዱ ቢፈቀድም ውሉ ራሱ አይጸናም።