ገንፎ ይበርዳል እንዴ?

ነገሩ የሚነሣው ከባሌው የዚያራ ስፍራ፣ ከድሬ ሼክ ሁሴን ነው። በአረፋ ሰሞን ሰው ከአርሲና ከሐረርጌ፣ ከዚያም ከሚርቀው አገር ሳይቀር ጫፉ መንታ የሆነውን ዱላ፣ ኡሌውን፣ ይዞ ይጎርፍበታል፤ ሌሊቱም በባህሮ ዜማ ይነጋል። አክስቴ በየዓመቱ ትሄድ ነበር። የዚያን ዓመት ስትሄድ ግን ስሙን የማታውቀው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

መጀመሪያ ቆሎው አልወርድ አላት። ቀጥሎ እንጀራው በወጥ ካልራሰ እንቢ አለ፤ ከዚያም የራሰውንም በውሃ እየተጎነጨች ማውረድ ጀመረች። እንግዳ ካለ ፊቷን ወደ ጓዳ ታዞራለች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያም ዞር ብላ እንደ ጤነኛ ሰው ታወራለች። "ብርድ ነው" ትለን ነበር። እኛም ብርድ ነው አልን። የባሌን ደጋ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከሳኔቲ የሚወርደው ንፋስ የማይመካኝበት በሽታ የለም። እንዲህ እያልን አምስት ወር ሄደ።

ድሬ ስትደርስ ዱዓ አስደረገች። እዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ውሃ ስትጠጣ ትክ ብለው አይዋትና፣ "ልጄ፣ ዱዓውን እኛ እንቀጥላለን፣ አንቺ ሐኪም ዘንድ ሂጂ" አሏት። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ያዩ ሰው ነበሩ።

ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ቆመው አውቶቡሱን አዩት፣ አክስቴም በመስኮት አየቻቸውና ፈገግ አለች። ከዚያ አዳባ፣ ከዚያ ዶዶላ፣ ከዚያ አሳሳ፣ ከዚያም በበቆጂ በኩል አሰላ። በየመንደሩ ጭሱ ከጣሪያው ላይ ይነሣል፣ የገብስ ሽታም ይመጣል። "እዚህም ገንፎ እያገነፉ ነው" አለችኝ፣ ምራቋን ልትውጥ እየሞከረች። ያ መንገድ ምን እንደነገረን ያኔ አልገባኝም።

አዲስ አበባ፣ ከሆስፒታሎቹ በአንዱ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም በጉሮሮዋ መሣሪያ አስገብታ አየች፣ ናሙናም ወሰደች። ውጤቱን ስንጠብቅ በሌላ ቀን ወረቀት ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ወረቀቱ ረጅም ነው። የት ተወለዱ? ምን ያጨሳሉ? ጫት ይቅማሉ? ቤትዎ ውስጥ ምን ይነድዳል? ጭሱ መውጫ አለው? ከዚያ፣ "እማማ፣ ገንፎ ይወዳሉ? ሲበሉት ትኩስ ነው ወይስ ከበረደ በኋላ?" አለቻት። አክስቴ ከታመመች ጀምሮ ሳቅ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቀች። "ልጄ፣ ገንፎ ይበርዳል እንዴ?"

ገንፎውን አስቡት። ከድስቱ እንደወጣ በገበቴ ይቀርባል፣ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ ቅቤና በርበሬው ይፈስበታል፣ እንፋሎቱ ፊት ይመታል፣ ያልቸኮለ ደግሞ ድርሻውን ያጣል። አክስቴ ሥራዋ ብዙ ነው፤ ትጎርሳለች፣ ትነሣለች። ስድሳ ዓመት እንዲያ በላች።

ሐኪሟ ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ።

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ ማቲዎስ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ገና ሕፃን ሳለ የደም ካንሰር ወሰደው። በዚያ ዘመን በአገራችን የካንሰር ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ወላጆቹ አለቀሱ፣ ቀበሩ፣ ከዚያም ተነሡና በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማኅበር አቋቋሙ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ማደሪያ ያጣውን ታማሚ አስጠጋ፣ ስለ በሽታው አስተማረ፣ የማሕፀን በር ካንሰርን አስቀድመው እንዲያገኙ የጤና ባለሙያዎችን አሠለጠነ፣ ትምባሆን የሚገድበው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንዲወጣ ከሚወተውቱት ጋር ቆመ። የሐዘን ቤት እንዲህ ሲሆን ማየት እኔን ያስገርመኛል።

በጎን ሌላ ነገር እያደገ ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ተጀመረ፤ ማን፣ የት፣ በምን ዓይነት ካንሰር እንደታመመ የሚጻፍበት መዝገብ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ጅማም በኋላ የጨረር ሕክምና አገኘች። ከዚያም ተመራማሪዎች ያን ረጅም ወረቀት ይዘው ታማሚው አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። በጥቁር አንበሳ እንደ አክስቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውን 73 ታማሚዎችና በሽታው የሌለባቸውን 133 ሰዎች ጠይቀው ያነጻጸሩበት ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ። አርሲ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ትኩስ ገንፎን ከተጠርጣሪዎቹ መሐል አስቀመጠው። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚጠጣ ነገር ይህን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። ይህ በሽታ በአገራችን ከሚበረታባቸው ስፍራዎች ደግሞ አርሲና ባሌ ዋናዎቹ ናቸው። ከዲንሾ እስከ አሰላ ያየነው ጭስ፣ ወዳጆቼ፣ የነገረን ይኼው ነው።

ገንፎው ብቻውን ገደላት አልልም፤ ጭሱም አለ፣ ሌላም አለ፣ ገና የሚጠየቅ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ከልቤ እላለሁ። ለታማሚ አልጋና ምግብ ስጡ ቢባል እኛ ባሌዎች ቶሎ እንሰጣለን፤ ድሬ ላይ የማያውቀውን መንገደኛ የማያበላ የለም። ለመዝገብ ጸሐፊ ደመወዝ፣ ለወረቀትና ለናሙና መመርመሪያ፣ ለአንዲት ሐኪም ትምህርት ስጡ ቢባል ግን እጃችን ይዘገያል። ይኼም ሰደቃ ነው። ያቺን ሐኪም ያሠለጠናት ሰው ባይኖር ስለ ገንፎው ማን ይጠይቅ ነበር? የአዲስ አበባው መዝገብ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነውና አክስቴ እዚያ ውስጥ የለችም። ሮቤ ላይ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታሉ አለ፤ የባሌ ሰው በባሌ መዝገብ ይቆጠር ዘንድ፣ ጥያቄውም ከምድጃው አጠገብ ይጠየቅ ዘንድ እጃችንን እንዘርጋ።

ለአክስቴ ቱቦ ገባላትና ሾርባ መዋጥ ቻለች። በዚያው መንገድ መለስናት፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ነበር። መኸሩን አየች፣ የልጅ ልጇን ስም አወጣች፣ ከበልግ በፊትም ሄደች። ሐኪሟ፣ "ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ልናደርግላት የምንችለው ብዙ ነበር" ብላኛለች፤ ያ አምስት ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ ቤት ገንፎው ከድስቱ ወጥቶ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ ይጠብቃሉ። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ፊቱን ወደ ጓዳ አዙሮ የሚውጥ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ካለ፣ ብርድ ነው አትበሉ፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።