የጭቃ ጡብ መሐንዲሱና የምድር አማና

አላህ (ሱ.ወ.) ምድርን ለሰው ልጅ በአማና ሰጥቷል፤ ማባከንንም ከልክሏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሚፈስ ወንዝ ዳር ውዱእ የሚያደርግ ሰው እንኳ ውኃ እንዳያባክን ማስተማራቸው ተዘግቧል። ዛሬ «ዘላቂ ንድፍ» የሚባለው ሙያ፣ ማለትም የመጪውን ትውልድ ድርሻ ሳይነኩ ቤትና ዕቃ የመሥራት ዕውቀት፣ ከዚሁ አማና ጋር የተያያዘ ነው። ሙያው ስም ያገኘው በቅርቡ ቢሆንም ሥራው ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ ነበሩ።

ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1900 በእስክንድርያ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንጨትና ብረት በመወደዱ ለገበሬው በጭቃ ጡብ መሥራትን መረጡ። ግድግዳው አላስቸገራቸውም፤ የሞከሩት የጡብ ጣሪያ ግን ተደረመሰ። በ1941 ወደ አስዋን ሲሄዱ የኑቢያ ግንበኞች ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት ጣሪያ ሲሠሩ አዩ። ግንበኞቹ ጭድ በዝቶበት የቀለለውን ጡብ በኋላው ግድግዳ ላይ ዘንበል አድርገው ይለጥፉታል፤ ቀጣዩ ረድፍ በፊተኛው ላይ እየተደገፈ ቤቱ ይከደናል። ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነበር።

በ1945 መንግሥት በሉክሶር አጠገብ በጥንት መቃብሮች ላይ የሰፈሩትን 7,000 ያህል የጉርና ነዋሪዎች ለማዛወር ሲወስን አዲሱን መንደር ፈትሒ እንዲሠሩ ተደረገ። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ይከላከላል፤ ከጣሪያ በላይ የወጣው የነፋስ መሳቢያ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል። ሆኖም ሥራው በ1948 ተቋረጠ። ከቢሮክራሲው ሌላ ዋናው እንቅፋት የነዋሪዎቹ አለመፈለግ ነበር፤ ብዙዎቹ ከመቃብሮቹ በሚያወጡት ቅርስ ይተዳደሩ ነበርና።

ስለዚህ መንደር የጻፉት መጽሐፍ በ1973 በአሜሪካ ታተመ። በዚያው ዓመት የዓረብ አገሮች ነዳጅ በማቀባቸው ዋጋው ሲንር ምዕራባውያን በማሽን ብቻ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ሕንፃ ምን ያህል ወጪ እንዳለው ተገነዘቡ። ፈትሒም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒው ሜክሲኮ ለሚኖሩ ሙስሊሞች በጭቃ ጡብ መስጊድ አስገነቡ። በ1987 የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ልማት የመጪውን ትውልድ ፍላጎት መጉዳት እንደሌለበት በዘገባው ገለጸ። ፈትሒ በ1989 አረፉ። ከዚያም ሕንፃን በኃይልና በውኃ አጠቃቀሙ የሚመዝኑ መለኪያዎች በ1990 በብሪታንያ፣ በ1998 በአሜሪካ ወጡ።

መለኪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ጉርና ያስተማረችን ሌላም አለ፤ እርሱም ሹራ ነው። የነዋሪው ፈቃድና መተዳደሪያ ካልታሰበበት መልካም ቤትም ባዶ ይቀራል። እኛም ቤት ስንሠራ ዕቃው በአካባቢያችን መገኘቱን፣ ወጪው ወደ ሪባ የማይገፋን መሆኑን፣ እናቶችና አረጋውያን መማከራቸውን እንጠይቅ። ልጆቻችን ከቤቱ ጋር ዕዳውን እንዳይወርሱ እንጠንቀቅ።

ወላሁ አዕለም።