ብረት ያናገረው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ላውጋችሁ።

ሃሪ ቤርቶያ የሚባል ሰው ነበር። በ1915 ጣሊያን አገር ተወለደ፤ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በ1930፣ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ዲትሮይት ተሻገረ። በክራንብሩክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የብረት ሥራ ሲያስተምር ጦርነት መጣና ብረት እንደልብ የማይገኝ ሆነ። ምን ያድርግ? በቁራጭ ብረት ጌጣጌጥ መሥራት ያዘ።

ኋላ በሽቦ የሠራት ወንበር ስሙን አስጠራችው። ኖል የተባለው ኩባንያ በ1952 ገበያ ያወጣት፣ ዛሬም የምትሸጠው ዳይመንድ ናት። ሌላው ቢሆን ወንበሩን እያበዛ ይከብርበታል። እሱ ግን ወንበሯ እንጀራ ስትሆንለት ፔንስልቬኒያ ገጠር ካለው ወርክሾፑ ተከቶ የልቡን መሥራት ጀመረ።

የልቡ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ነሐስ ያቀልጥና አሸዋ ላይ ያፈስሰዋል። ነሐሱ ወደፈቀደው ይሄዳል፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል፣ ዳር ዳሩ ይሸበሸባል፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። እሱ በጊዜ ማፍሰስንና በጊዜ ማቆምን ያውቃል፤ የቀረውን ለእሳቱና ለአሸዋው ይለቅላቸዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሀበሾች ዘመድ የምትቀበሉበት የዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ በነበረበት በ1963፣ «ምድር ከጠፈር ስትታይ» ያለውን ሰፊ የነሐስ ሥራ ያበጀለት በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1960 ገደማ ሽቦ ሲያጎብጥ አንዱ ተሰበረና ሌላውን መታው። ንንን... አለ። የኛ ሠፈር በያጅ ቢሆን ተራግሞ ወደ ቁርጥራጩ ክምር ይወረውረዋል። ቤርቶያ ግን «አንዱ እንዲህ ካለ፣ መቶው ምን ሊል ነው?» በሚል ሐሳብ ተያዘ።

ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ተከለ። መዳብ ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለበትን ሞከረ፣ ሌላም ሌላም ሞከረ፤ ቁመቱን፣ ውፍረቱን ለዋወጠ። የአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ ክብደት ሲጨምርበት፣ ገና በእጅ ዳበስ ሲደረጉ፣ ነፋስ እንደገባበት የጤፍ ማሳ ይተኙና ይነሣሉ። ሲነሡ ይጋጫሉ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚመታ የሚያዝ የለም። ረጅሙ ያጉረመርማል፣ አጭሩ ያቃጭላል፣ ድምፁም እጁ ከተነሣ በኋላ ይቆያል።

አሮጌ የድንጋይ ጎተራውን አሳድሶ በነዚህ ሞላው፤ እዚያው በማይክሮፎን ቀዳ። «ሶናምቢየንት» ብሎ የሰየማቸው ሸክላዎች 11 ናቸው። በ1975 ደግሞ ቺካጎ፣ ስታንዳርድ ኦይል ሕንፃ ደጅ ላይ ዘንጎቹን ተከለላት። ነፋስ በማይጠፋባት ከተማ ሌላ ተጫዋች መቅጠር አላስፈለገም።

ግን ብረት ዋጋውን አይምርም። የቤሪሊየም ጢስና ብናኝ ለሳንባ መርዝ ነው። ቤርቶያ በ1978 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ገና 63 ዓመቱ ነበር፤ ሥራው ነው የገደለው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

አንድ አመል ነበረችው፤ ቅርጾቹ ላይ አይፈርምም። እሳትና ነፋስ የተካፈሉትን ሥራ ስሜን ልጻፍበት ማለት ሳያሳፍረው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ ታዲያ እንዲህ ያለ ዘንግ ጨረታ ላይ ሲቀርብ ገዢና ሻጭ «የሱ ነው!» «አይደለም!» እየተባባሉ ሲሟገቱ ይውላሉ።